የስካውት ወጣቶች የማኅበረሰብ አገልግሎትና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ክረምት ሲገባ፣ የስካውት ወጣቶች መሐረባቸውን በአንገታቸው አስረው፣ አካፋና ዶማ ተሸክመው ለአገልግሎት ሲሰማሩ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ችግኝ ይተክላሉ፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይጠርጋሉ፤ ምንጭ ያጸዳሉ፤ የትምህርት ቤት አጥር ይጠግናሉ። ሥራው ሲፈጸም ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይጨበጨባል። ይሁን እንጂ ዓመት ቆይቶ ወደዚያው ስፍራ የሚመለስ ሰው ሁልጊዜ የሚያስደስት ነገር አያገኝም። ችግኙ ደርቆ፣ ቦዩ በደለል ተሞልቶ፣ የምንጩ ግድግዳ ተሰንጥቆ ውሃው በጎን ሲፈስ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ልጆቹ የታዘዙትን በትጋት ፈጽመዋል። የጎደለው ከሥራው በፊት መደረግ የነበረበት ልኬትና ምርጫ፣ ከሥራውም በኋላ መደረግ የነበረበት ክትትል ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የመሐንዲስ የዕለት ተዕለት ሥራዎች ናቸው። ይህ ንግግር የሚነሣበት አሳብም ይኸው ነው፤ ይኸውም የወጣቶች የአገልግሎት ሥራ መመዘን ያለበት በተሠራበት ዕለት ሳይሆን አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈበት በኋላ መሆኑ፣ መሐንዲሱም ልጆቹን ሊረዳ የሚችለው ሥራቸውን በመንጠቅ ሳይሆን በዚህ መመዘኛ እንዲዘጋጁ በማድረግ መሆኑ ነው።

፩. አገልግሎት በስካውት ሥርዓት ውስጥ

እንደሚታወቀው የስካውት ንቅናቄ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1907 ሮበርት ቤደን ፓውል የተባሉት የእንግሊዝ ጦር መኰንን በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው በብራውንሲ ደሴት 20 ያህል ልጆች ሰብስበው ለአንድ ሳምንት ያህል ባሰፈሩበት ወቅት ነው። ልጆቹ ከባለጸጋም ከሠራተኛም ቤተሰብ የተውጣጡ ሲሆኑ፣ ፓትሮል በሚባሉ አራት ንዑስ ቡድኖች ተከፍለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1908 የወጣው የቤደን ፓውል መጽሐፍ ንቅናቄውን ወደ ብዙ አገሮች አዳረሰው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስካውት የሆነ ልጅ በየቀኑ ለሌላ ሰው አንድ በጎ ሥራ እንዲሠራ ይጠበቅበታል፤ መፈክሩም «ዝግጁ ሁን» የሚል ነው። የመጀመሪያው የልብን ቅንነት ሲጠይቅ ሁለተኛው የእጅንና የአእምሮን ዝግጅት ይጠይቃል። ብዙ የአገልግሎት ሥራዎች የሚሰናከሉት የመጀመሪያው ተሟልቶ ሁለተኛው ሲቀር ነው።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ስካውቶች ልማድ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አገር የስካውቶች ከፍተኛው ማዕረግ «ንስር» ይባላል። አንድ ወጣት 18 ዓመት ሳይሞላው ይህን ማዕረግ ለማግኘት ከሚያሟላቸው ግዴታዎች አንዱ፣ ለሃይማኖት ተቋም ወይም ለትምህርት ቤት ወይም ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠቅም የአገልግሎት ሥራ መፈጸም ነው። ይህ ግዴታ በደንቡ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ወጣቱ የሚጠየቀው ሦስት ነገር መሆኑ ነው፤ ሥራውን ማቀድ፣ ማዘጋጀትና ሌሎችን በሥራው ላይ መምራት። የሥራ ሰዓት ዝቅተኛ ወሰን አልተደረገለትም። በአንጻሩ ግን ዕቅዱ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በተጠቃሚው ወገንና በስካውት ኃላፊዎች ታይቶ መጽደቅ አለበት። ከዚህ የምንረዳው ሥርዓቱ የሚመዝነው የፈሰሰውን ላብ ብቻ ሳይሆን ላቡ በዕቅድ መፍሰሱን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ስካውት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በትምህርት ቤቶች የታወቀ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ተቋርጦ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደገና ተነሥቷል። የወጣቶች አገልግሎት ግን በስካውት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ውጭ በማስተማርና በመሳሰለው ሥራ እንዲያገለግሉ አድርጓል። በ1967 ዓ.ም. የተከፈተው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ገበሬው በደቦ፣ በጅጌና በወንፈል ሲረዳዳ ኖሯል።

በደቦና በዘመናዊው የአገልግሎት ሥራ መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። የደቦ ሥራ ባለቤት አለው። ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ገበሬ ማሳ አርሞለት ወይም አጭዶለት ሲበተን፣ ማሳው የእገሌ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ በማግስቱም እየዞረ የሚያየው ባለቤቱ ነው። ስካውቶች የተከሉት ችግኝ ወይም የገነቡት የውሃ ማጠራቀሚያ ግን ልጆቹ በሄዱ ማግስት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ላይታወቅ ይችላል። ለሁሉም የተባለ ነገር የማንም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ የአገልግሎት ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንሥራ?» ከመሆኑ በፊት «ከእኛ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?» የሚል ሊሆን ይገባል።

፪. አንድ ምሳሌ፤ ምንጭን ማጎልበት

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የስካውት ቡድን በገጠር ቀበሌ አጠገብ የሚገኘውን ምንጭ ለማጎልበት ተነሥቷል ተብሎ ይታሰብ። ልጆቹ እንደ ልማዱ ሲሚንቶ ለመለመን ይሯሯጣሉ። ከሲሚንቶው በፊት ግን አንድ ባልዲና አንድ ሰዓት ያስፈልጋል።

የምንጩ ውሃ ሳይባክን በአንድ ቀጭን ቦይ ወይም ቧንቧ እንዲወርድ ይደረግና 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ይለካል። ልኬቱ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ጀሪካኑ በ200 ሴኮንድ ቢሞላ የምንጩ መጠን በሴኮንድ 0.1 ሊትር ነው ማለት ነው። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ግን በነሐሴ ሳይሆን ውሃው በሚያንስበት በበጋው ማብቂያ ነው፤ ክረምት ላይ የተለካ ምንጭ በመጋቢት ሰውን ያታልላል።

በሴኮንድ 0.1 ሊትር ሲባል ለሰሚው ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው 12 ሰዓት 43,200 ሴኮንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምንጩ 4,320 ሊትር፣ ማለትም 216 ጀሪካን ውሃ ያፈልቃል። ሰው በተኛበት ሰዓት ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ረግረጉ ይፈስሳል። ጎህ ሲቀድ የሚመጡት እናቶችና ልጃገረዶች ግን እያንዳንዱን ጀሪካን ለመሙላት ከሦስት ደቂቃ በላይ ይጠብቃሉ፤ ሠላሳ ሰው ከተሰለፈ የመጨረሻዋ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ትቆማለች። እንግዲህ የዚያ መንደር ችግር የውሃ ማነስ ሳይሆን የሌሊቱን ውሃ የሚያቆይ ዕቃ ማጣት ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.50 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.50 ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ 4,500 ሊትር ስለሚይዝ የሌሊቱን ውሃ በሙሉ ይቀበላል። ይህን ስሌት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። መሐንዲሱ ስሌቱን ሠርቶ ከሚሰጣቸው ይልቅ ልጆቹ ራሳቸው ለክተው እንዲያገኙት ቢያደርግ፣ ሒሳብ ለምን እንደሚማሩ በዚያች ቀን ይገባቸዋል።

ከዚህ በኋላ የሙያው ጥንቃቄ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ውሃውን ለማከማቸት ሲባል በምንጩ ዓይን ዙሪያ ከፍ ያለ ግድግዳ መገንባት ነው። ውሃው ከተፈጥሮ መውጫው በላይ ከፍ ብሎ እንዲቆም ሲገደድ በምንጩ ላይ ወደ ኋላ ግፊት ያሳድራል። ምንጩም ቀላሉን መንገድ ፈልጎ በሌላ አቅጣጫ ሊወጣ፣ አልፎም ከነጭራሹ ሊሰወር ይችላል። ለትውልድ የኖረ ምንጭ በቅን ልቦና በተሠራ ግድግዳ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በዓይኑ ላይ የሚሠራው መያዣ ውሃውን በተፈጥሮ ከፍታው ተቀብሎ በቧንቧ እንዲያስተላልፍ፣ ማጠራቀሚያውም ከምንጩ ዝቅ ባለ ስፍራ እንዲሠራ ያስፈልጋል። ለማጠራቀሚያው የትርፍ ውሃ መውጫ፣ ለማጽጃ የሚሆን የታች መክፈቻና ክዳን ይደረግለታል። ከምንጩ በላይ በኩል ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈራል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ ለከብቶች ደግሞ ወደ ታች ራቅ ብሎ ገንዳ ይሠራላቸዋል። ገንዳ ካልተሠራላቸው አጥሩ አይከርምም። ሽንት ቤት ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ግን በፍጹም መሠራት የለበትም።

በዚህ ሥራ ውስጥ የስካውቶቹ ድርሻ ብዙ ነው። ምንጩን መለካት፣ የአካባቢውን ንድፍ መሣል፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶችና የአገር ሽማግሌዎችን መጠየቅ፣ ድንጋይና አሸዋ ማቅረብ፣ የጎርፍ መቀልበሻውን ቦይ መቆፈር፣ አጥሩን መትከል ሁሉ የእነርሱ ነው። ግንቡን ግንበኛ ይሠራዋል። ግንቡ ካለቀ በኋላ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ይቀራል፤ እርሱም ሲሚንቶውን ውሃ ማጠጣት ነው። ኮንክሪት በትክክል እርጥበት ከተጠበቀለት በ7 ቀን ውስጥ በ28 ቀን የሚደርስበትን ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህል ያገኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀሐይ ካደረቀው ግን ይሰነጠቃል። ከ6 እስከ 8 ልጆች ያሉት አንድ ፓትሮል ተራ ገብቶ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ቢያጠጣ፣ ከበዓሉ ቀን ሆይታ ይልቅ ይህ ስካውትነትን ያሳያል። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው የለም፤ የግንቡ ዕድሜ የሚወሰነው ግን በዚያ ሳምንት ነው።

፫. ችግኝና ቦረቦር

የወጣቶች አገልግሎት ሲባል በመጀመሪያ ወደ አሳብ የሚመጣው ችግኝ ተከላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ተከላው አገር አቀፍ ሆኗል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጾ ነበር። የተተከለውን መቍጠር ቀላል ነው። የጸደቀውን መቍጠር ግን ተመልሶ መሄድን ይጠይቃል፤ ለአንድ ስካውት ቡድን ክብር የሚሆነውም ይህ ሁለተኛው ቍጥር ነው።

ለምሳሌ በየ2 ሜትር ርቀት የሚተከል ከሆነ አንድ ሄክታር መሬት 2,500 ችግኝ ይይዛል። ጕድጓዱ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ብዙ ልጆች ያሉት ቡድን በአንድ ቀን ሊተክለው ይችላል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት 5 ሊትር ውሃ ይስጠው ቢባል ግን በየሳምንቱ 12,500 ሊትር፣ ማለትም 625 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋል። ይህን ማን ይሸከመዋል? መልስ ከሌለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተበላሽቷል። በአንጻሩ 25 ልጆች ያሉት ቡድን በትምህርት ቤቱ ግቢ 200 ችግኝ ብቻ ቢተክል፣ በሳምንት የሚያስፈልገው 1,000 ሊትር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ 40 ሊትር ይደርሰዋል፤ ባለ 10 ሊትር ዕቃ አራት ጊዜ ቢያመላልስ ይጨርሰዋል። በዓመቱ ከ200 ውስጥ 160 ቢቆሙ፣ ከደረቁት 2,500 ይልቅ ጥላ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። መሐንዲሱ ልጆቹን ሊያስተምራቸው ከሚችላቸው ነገሮች አንዱ ሥራን ከአቅም ጋር ማመዛዘን ነው። ውሃ ማጠጣት በማይቻልበት ተዳፋት ላይ ደግሞ ለቦታው የሚስማማ አገር በቀል ዛፍ መርጦ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ አስቀድሞ ጕድጓዱን አዘጋጅቶ፣ በክረምቱ መግቢያ ላይ መትከልና ከእንስሳት መከለል ይገባል።

ቦረቦርን ማዳን ሌላው ለወጣቶች የሚስማማ ሥራ ነው፤ ድንጋይ፣ ጉልበትና ጥቂት ልኬት ብቻ ስለሚጠይቅ። በዚህም ላይ ዘወትር የሚታየው ስሕተት በአንድ ቦታ አንድ ትልቅ ክትር መሥራት ነው። ትልቁ ክትር ከኋላው ብዙ ውሃ ይሰበስባል፤ አንድ ቀን በከባድ ዝናብ ሲናድ ደግሞ ካልተሠራበት ጊዜ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ትክክለኛው መንገድ አጫጭር ክትሮችን ደጋግሞ መሥራት ነው። ደንቡም ቀላል ነው፤ የታችኛው ክትር የውሃ ማፍሰሻ ከላይኛው ክትር እግር ጋር በአንድ ከፍታ መሆን አለበት። የቦረቦሩ ወለል በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚያዘቀዝቅና የክትሩ ቁመት 1 ሜትር ከሆነ፣ በክትሮቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሜትር ይሆናል፤ ርዝመቱ 60 ሜትር ለሆነ ቦረቦር 6 ያህል ክትር ይበቃል። የክትሩ መካከል ከሁለቱ ጫፎች ዝቅ ማለት ይኖርበታል፤ አለዚያ ውሃው በዳር በኩል ቆርጦ ይሄዳል። ጫፎቹ በግራና በቀኝ ወደ ዳርቻው አፈር ጠልቀው ይገባሉ፤ ውሃው በሚወድቅበት እግሩም ሥር ድንጋይ ይነጠፋል። ልጆቹ ይህን ሁሉ በገመድና በውሃ ልክ ሊለኩት ይችላሉ። አንድ ክረምት አልፎ ክትሮቹ በደለል ሲሞሉ፣ ጎርፍ ይዞት ሊሄድ የነበረውን አፈር በዓይናቸው ያዩታል።

፬. ለልጆች የማይሰጥ ሥራ

በጎ ፈቃድ የስበትን ሕግ አይሽርም። ስለዚህ መሐንዲሱ «ይህ ለእናንተ አይሆንም» ለማለት ድፍረት ሊኖረው ይገባል።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ደረቱ ድረስ አፈር የተናደበት ልጅ መተንፈስ ያቅተዋል፤ በአካፋ አውጥቶ ለማዳን የሚገኘውም ጊዜ በጣም አጭር ነው። በመሆኑም ጥልቀቱ ከ1.20 ሜትር በሚበልጥ ጕድጓድ ወይም ቦይ ውስጥ ልጅ መግባት የለበትም። የሽንት ቤት ጕድጓድና የውሃ ጕድጓድ ቁፋሮ ለሠለጠኑ አዋቂዎች የሚተው ሥራ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ግራም ስለሆነ የልጅ ትከሻ ሸክም አይደለም። እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳን ስለሚያቃጥል በባዶ እጅና በባዶ እግር ማቡካት ሊከለከል ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመርና የጣራ ላይ ሥራም እንዲሁ።

ስለ ድልድይ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በገመድና በግንድ ድልድይ መሥራት የስካውቶች የቆየ ሥልጠና ነው፤ በሰፈሩ ሜዳ ላይ፣ በአሠልጣኝ ፊት ተሠርቶ በዚያው ቀን የሚፈርስ እስከሆነ ድረስ መልካም ትምህርት ነው። ሕዝብ የሚመላለስበት የእግረኛ ድልድይ ግን ሌላ ነገር ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 1.20 ሜትር የሆነ ድልድይ 7.20 ሜትር ካሬ ወለል አለው። በገበያ ቀን ሰው ተጨናንቆ ሲቆምበት በሜትር ካሬ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ሊታሰብ ስለሚገባ፣ ጠቅላላው ጭነት ከ2,880 እስከ 3,600 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሲከፈት አሥር ልጆች በሰልፍ ስለተሻገሩበት ድልድዩ ጠንካራ ነው ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለው ሥራ በመሐንዲስ ተነድፎ፣ በመሐንዲስ ኃላፊነት መሠራት አለበት፤ ስካውቶቹ በመንገድ ጠረጋና ድንጋይ በማቅረብ ሊረዱ ይችላሉ።

፭. የመሐንዲሱ ድርሻ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው ከመሐንዲሱ የሚጠየቀው ገንዘብ አይደለም፤ ረጅም ጊዜም አይደለም። አንድ መሐንዲስ በመኖሪያው ወይም በሥራው አካባቢ ያለን አንድ የስካውት ቡድን በዓመት ሦስት ጊዜ ቢጎበኝ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጉብኝት ሥራው ከመመረጡ በፊት ነው። በዚህ ጊዜ ልጆቹ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ለአምስት ጥያቄዎች መልስ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። ሥራውን የጠየቀው ማን ነው? ምን ተለካ፣ ውጤቱስ ስንት ሆነ? ምን ያህል ጉልበት፣ ዕቃና ገንዘብ ይፈልጋል? ሊያደርስ የሚችለው አደጋ ምንድን ነው? ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጠብቀው ማን ነው? አምስተኛው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አካፋ መነሣት የለበትም። ጠባቂውም «ሕዝቡ» ተብሎ በጅምላ ሳይሆን ስማቸው በሚታወቅ ሰዎች መወሰን አለበት። በምንጭ ረገድ ከውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች መካከል የተመረጡበት ኮሚቴ ቢሆን ይመረጣል፤ ውሃው ሲቋረጥ ሩቅ የሚጓዙት እነርሱ ስለሆኑ ብልሽቱን አስቀድመው የሚያዩትም እነርሱ ናቸው። ዕድር ባለበት ስፍራ ደግሞ ዕድሩ መዝገብ የመያዝና መዋጮ የመሰብሰብ ልማድ ስላለው አደራውን ሊቀበል ይችላል።

ሁለተኛው ጉብኝት በሥራው መካከል ነው። መሐንዲሱ የሚመጣው ቱንቢና ውሃ ልክ ለማየት፣ የቁፋሮውን ጥልቀት ለመቈጣጠር፣ የተሳሳተውንም ለማስፈረስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ባለሙያው ሥራው እንዲፋጠን ሲል ሁሉንም ራሱ ለመሥራት ይቻኮላል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ተሸካሚ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ሥራው ያምር ይሆናል፤ የታሰበው ትምህርት ግን ይቀራል። ለአደጋ የማያጋልጥ ስሕተት ከሆነ ልጆቹ ራሳቸው አይተው፣ ራሳቸው አፍርሰው እንዲሠሩት መተው ይሻላል። ጠማማ ሆኖ የተተከለ የአጥር ቋሚ በቱንቢ ሲታይ ከሰዓታት ማብራሪያ ይበልጥ ያስተምራል።

ሦስተኛውና ዋናው ጉብኝት ከዓመት በኋላ የሚደረገው ነው። ያን ጊዜ ምንጩ እንደገና ይለካል፤ የቆሙት ችግኞች ይቈጠራሉ፤ የክትሮቹ ደለል ይታያል፤ ውጤቱም በመዝገብ ይጻፋል። የተበላሸ ነገር ካለ ምክንያቱ ይመረመራል። ቡድኑ የሚቀጥለውን ሥራ እንዲጀምር የሚፈቀድለት የቀድሞውን መዝገብ ሲያሳይ ቢሆን፣ «ዝግጁ ሁን» የተባለው ቃል ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።

፮. ማጠቃለያ

የነገሩ ክብደት ከአንድ ምንጭ ወይም ከጥቂት ችግኞች ይበልጣል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በገዛ እጁ የተከለው ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ደርቆ ሲያገኘው፣ ትልልቆቹም ስለ ደረቀው ሳይጠይቁ ሌላ ችግኝ ሲሰጡት የሚማረው ነገር አለ። የሕዝብ ሥራ ማለት ለዕለቱ ታይቶ የሚረሳ ነገር እንደሆነ ይማራል። ያ ልጅ አድጎ መሐንዲስ ወይም ተቋራጭ ወይም ሹም ሲሆን ይዞት የሚገባው ይህንኑ እውቀት ነው። ለምረቃው ቀን ብቻ የሚደርስ መንገድ፣ ለርክክቡ ሰዓት ብቻ የሚፈስ ቧንቧ ሲሠራ ኅሊናው ላይቆረቍረው ይችላል። በተቃራኒው የለካውን ምንጭ ከዓመት በኋላ እንደገና የለካ፣ ያጠጣው ግንብ ሳይሰነጠቅ ያየ ልጅ፣ ሥራ ማለት እስከ መጨረሻው የሚጠየቁበት አደራ መሆኑን በልጅነቱ ይረዳል። ይህን እውቀት በኋላ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለሆነም ለማኅበሩ ሁለት አሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ፈቃደኛ የሆኑ አባላት በያሉበት አካባቢ አንድ አንድ የስካውት ቡድን ይዘው በዓመት ሦስቱን ጉብኝቶች እንዲያደርጉ ማኅበሩ ስም ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ ምንጭ ስለ ማጎልበት፣ ስለ ክትር ሥራ፣ ስለ ችግኝ አጠባበቅና ስለ ደኅንነት ጥንቃቄ ለወጣቶች የሚሆኑ አጫጭር መመሪያዎች በቀላል አማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ ከሥዕላዊ ንድፍ ጋር ተዘጋጅተው ይታደሉ። ሁለቱም ትልቅ በጀት አይጠይቁም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለእያንዳንዱ አባል በዓመት ሦስት ቀን የማይከብድ ሸክም ነው። ወጣቶቹ ጉልበቱና ፈቃዱ አላቸው፤ የጎደላቸው የሚለካላቸው ሳይሆን መለካትን የሚያስተምራቸው፣ ከዓመት በኋላም ተመልሶ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ባለሙያ ነው።